የዝናብ ሽታ ያማራት ማንጠግቦሽ

ተረት ተረት!

የገደል ላይ ቤት!

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም ነፋስም እንደ ሰው በሚያወጋበት ዘመን፣ ቀይ ገደል በሚባል አገር ሁለት ሰሶች ይኖሩ ነበር፤ ባልና ሚስት። ሰስን ታውቁታላችሁ? ቁመቱ ከፍየል ያነሰ፣ ሸኮናው እንደ ጣት ጫፍ የጠበበ፣ እኛ ቁልቁል ለማየት እንኳ የምንፈራው ገደል ላይ እንደ ሜዳ የሚሮጥ የዱር እንስሳ ነው። ባልየው ዘለቀ ይባላል። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ስሟን ያወጣላት አባቷ ነው፤ ስሙ ልክ መሆኑን ያወቀው ግን ዘለቀ ነው።

ሰስ በመንጋ አይኖርም። ሁለት ሆኖ ይጋባል፣ ሁለት ሆኖ ያረጃል። ዘለቀና ማንጠግቦሽም የተጋቡ ዕለት አንድ ቃል ተነጋግረው ነበር።

«አንዳችን ስንበላ ሌላችን እንጠብቅ» ተባባሉ።

እሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቅጠል ስትቀነጥብ እሱ ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆሞ ያያል። እሱ ሲበላ እሷ ወጥታ ትቆማለች። ነብር ብቅ ካለ ጠባቂው ያፏጫል። ፉጨት ከተሰማ ጥያቄ የለም፣ መሮጥ ነው። እንዲህ እየተጠባበቁ ሦስት ዓመት ኖሩ።

በሦስተኛው ዓመት ማንጠግቦሽ አረገዘች።

ዘለቀ የሰማ ቀን የሚሆነውን አጣ። ከድንጋይ ድንጋይ ዘለለ፣ ዘሎም አልበቃው፣ ተመልሶ ደግሞ ዘለለ። ከማዶ የሚኖሩት ዝንጀሮዎች ቆመው አዩት።

«ያ ሰስ አበደ እንዴ?» አለ አለቃቸው።

«ሚስቱ አርግዛ ነው» አሉት።

«እሱ ነው እንዴ የሚወልደው!» አለና ሳቀ። ዝንጀሮ ሁሉ አብሮት ሳቀ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ማንጠግቦሽ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች። ሆዷ ገፋ እያለ ሲሄድ ግን ሽታ ጠላች። የወይራው ቅጠል ሸተታት። የእንቆቆው ቅጠል አቅለሸለሻት። ትናንት የወደደችውን ዛሬ ፊቷን ታዞርበታለች። ዘለቀ የገደሉን ቅጠል አንድ በአንድ እየቀነጠበ በአፉ ያመጣላታል፤ እሷ ታሸታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች።

አንድ ቀን ጠዋት፣ «ዘለቀ» አለችው።

«አቤት።»

«አጋም አማረኝ።»

ዘለቀ ይህን እንደሰማ ገደሉን ወረደ። አጋም ደግሞ እሾህ ነው፤ ፍሬውን በነፃ አይሰጥም። ዘለቀ ፊቱን ተቧጥጦ፣ ጆሮው ደምቶ፣ ፍሬ የሞላ ቅርንጫፍ በጥርሱ ይዞ ተመለሰ። ማንጠግቦሽ አንዷን ቀመሰች። ሁለተኛዋን ቀመሰች። ሦስተኛዋ ላይ አፏ ቆመ።

«ይቅር በለኝ» አለች። «ይህ አይደለም።»

«ምን ይቅር እልሻለሁ? ያልሆነውን ማወቅም አንድ ነገር ነው» አላት።

በነጋታው ደግሞ፣ «ዘለቀ» አለችው።

«አቤት።»

«ቦሌ አማረኝ።»

ቦሌ ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ነው። ያለው ታች፣ ሜዳው ዳር፣ የእረኞች ውሾች በሚውሉበት ቦታ ነው። ዘለቀ ሄደ። ውሾቹ አባረሩት፣ በአንድ በኩል አምልጦ በሌላ በኩል ገባ። ጓል የሚያህል ቦሌ በአፉ ይዞ ሲመለስ ምላሱ ተቃጥሎ መናገር አልቻለም። በሸኮናው ብቻ «ይኸው» አላት።

ማንጠግቦሽ አንዴ ላሰችው። አንዴ አሸተተችው። አሰብ አደረገች።

«ቀረብ ብሏል» አለች። «ግን አይደለም።»

ያን ቀን አልበላችም። በማግስቱም አልበላችም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ደጅ፣ የገደሉ መደብ ላይ ተኝታ ሳለ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አሁን ገባኝ፣ ዘለቀ። ባለፈው ሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል፣ የጋለው አቧራ ሲርስ የሸተተን ሽታ ትዝ ይልሃል?»

«ትዝ ይለኛል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር።»

«እሱ ነው ያማረኝ።»

ዘለቀ ሰማዩን አየ። ወሩ የካቲት ነው። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ዝናብ ሊመጣ አራት ወር ቀርቷል፤ እሷ ልትወልድ የቀራት ሁለት ወር ነው። ጎኗን አየ። አጥንቷ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።

«አመጣልሻለሁ» አላት።

እንዴት እንደሚያመጣ እሱም አያውቅም። ግን አላት።

ይህንን ዝንጀሮዎቹ ሰሙ። ገደል ወሬ አይደብቅም።

«ሽታ ሊያመጣ ነው!» አለ አለቃቸው። «በምን ይዞ? በጆሮው?»

ዝንጀሮ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዘለቀ አንገቱን ደፍቶ አለፋቸውና እማማ ሽኮኮ ዘንድ ሄደ። እማማ ሽኮኮ ጎረቤት ናቸው። የሚኖሩት ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲሆን የቀይ ገደልን ልጆች ያዋለዱ እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ሚስቴ መብላት ተወች። የሰኔ ዝናብ ሽታ አማረኝ አለችኝ። ይህ የጤና ነው?»

እማማ ሽኮኮ ጢማቸውን አራገቡ። «ልጄ፣ አምሮት ቀልድ አይደለም። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ አፍ የለው፤ በእናቱ አፍ ነው የሚለምነው። ያን ካላገኘ ጉሮሮዋን አይከፍትላትም።»

«ከየት ላምጣ?»

«እኔ ሽታ ሲሸከም ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ነፋስን ጠይቀው።»

«እስክመለስ እሷን ማን ይጠብቅልኛል?»

«እኔ ለምን ተቀመጥኩ?» አሉና ከስንጥቃቸው ወጥተው ማንጠግቦሽ አጠገብ ተጎለቱ።

ዘለቀ አፋፉ ጫፍ ላይ ወጣ። ነፋስ እዚያ ሣር እያስተኛና እያስነሣ ይጫወታል።

«አያ ነፋስ፣ እንደምን ዋልክ? ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። የዝናብ ሽታ አማራት። ዝናብ ካለበት አገር አምጣልኝ።»

«እኔን ነው የጠየቅከው?» አለ ነፋስ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ያልሄድኩበት አገር አለ? ያልተሸከምኩት ሽታ አለ? በሦስት ቀን ይዤልህ እመጣለሁ። ሚስትህን አፍንጫሽን አዘጋጂ በላት!»

ዘለቀ ጠበቀ። አንድ ቀን ጠበቀ። ሁለት ቀን ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ነፋስ እያፏጨ መጣ።

«አመጣሁ!» አለና የተሸከመውን ሁሉ መደቡ ላይ አራገፈው።

አይ ያን ጊዜ! የፍየል በረት ሸተተ። የቆዳ ፋቂ ቤት ሸተተ። ያረረ ወጥ ሸተተ። በመጨረሻ የጅብ ዋሻ ሸተተ። ማንጠግቦሽ ተነሥታ ወደ ጥግ ሮጠች፤ በባዶ ሆዷ ወደ ላይ አላት።

«ዝናቡስ?» አለ ዘለቀ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

«ዝናቡንማ ይዤው ነበር» አለ ነፋስ፣ ትንሽ አፍሮ። «ከዚያ አንድ መንደር ላይ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ደረስኩ። ቆም አልኩ። ከዚያ ደግሞ የሆነ ሜዳ ላይ አበባ ነበረ... ታውቀኛለህ፣ ሁሉን መንካት እወዳለሁ።»

«ሁሉን የሚነካ አንዱን አያደርስም» አሉት እማማ ሽኮኮ ከተቀመጡበት። ነፋስ ሄደ።

ዘለቀ ቀና ሲል አንዲት ደመና አየ። ነጭ ናት፤ ትንሽ ናት፤ ብቻዋን ሰማዩ መሃል ተንሳፍፋለች። ወደ ከፍተኛው ድንጋይ ወጥቶ ተጣራ።

«እመት ደመና! እመት ደመና! ስለ ወላድ ብለው ይስሙኝ!»

ደመናዋ ቀስ ብላ ዞረች። «ማነው ስሜን በጩኸት የሚጠራው?»

«ዘለቀ ነኝ፣ ሰስ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። ደጃችን ላይ ጥቂት ጠብ ያድርጉልኝ። ብዙ አልልም፤ መዳፍ የምታህል አቧራ ብትርስ ይበቃኛል።»

«እኔ?» አለች ደመናዋ። «እኔኮ የበጋ ደመና ነኝ። ለጌጥ ነው የወጣሁት። ውሃ ብይዝ ይህ ንጣቴ ይጠቁርብኛል። ጥቋቁሮቹ እህቶቼ ሰኔ ላይ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ እነሱን ጠይቅ።»

«ሰኔ ድረስ ሚስቴ አትቆይልኝም።»

ደመናዋ አዘነች፤ እውነቷን ነው ያዘነችው። ግን ያላትን ነው የምትሰጠው፣ ያላት ደግሞ ውበት ብቻ ነበር። ትንሽ ጥላ ጣል አድርጋለት እያየችው አለፈች።

ዘለቀ ወደ ቤቱ ለመመለስ እግሩ እንቢ አለው። ባዶ አፉን ይዞ ምን ብሎ ይግባ? ድንጋዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ፣ ከገደሉ ሥር፣ በቢጫው ሜዳ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አየ። ትልቅ ሾላ ናት፤ ከሥሯ ምንጭ አለ። ሰስ የሚበላው ቅጠል እርጥበት ስለሚበቃው ወደዚያ አይወርድም። ሜዳ ላይ ሰስ ሯጭ አይደለም፤ ሜዳ የነብር ነው። ዘለቀ ግን ወረደ።

ምንጯ አሮጊት ናት። ስትናገር እየቆመች፣ እየተነፈሰች ነው።

«ምን... አመጣህ... ልጄ?»

ዘለቀ ሁሉንም ነገራት፤ አጋሙን፣ ቦሌውን፣ ነፋሱን፣ ደመናዋን ነገራት። ምንጯ አድምጣ አድምጣ ሳቀች። ሳቋ ግን እንደ ዝንጀሮዎቹ ሳቅ አልነበረም።

«ዝናብ ፍለጋ ሰማይ ለሰማይ ዞርክ? እኔኮ ዝናብ ነኝ። ያምናው ዝናብ ነኝ። መሬት ውስጥ ተኝቼ ከርሜ ነው እዚህ የወጣሁት። ውሰደኝ።»

«በምን ልውሰድዎት እናቴ? እጅ የለኝ፣ ዕቃ የለኝ።»

«ያ ሁሉ ፀጉር... ምን ሊሠራልህ ነው?»

ዘለቀ ፀጉሩን አየ። የሰስ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ነው። እልል ሊል ምንም አልቀረው! ዘሎ ገባ፣ እስከ አንገቱ ነከረ፣ ወጣና ሮጠ። ውሃው ከጎኑ እየተንጠባጠበ በጠመዝማዛው መንገድ ሽቅብ ሮጠ። ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ የየካቲት ፀሐይ ደግሞ የዋዛ አይደለችም። ሲሶው ላይ ጎኑ ደረቀ። እኩሌታው ላይ ጀርባው ደረቀ። ደጁ ደርሶ ራሱን ቢያራግፍ የወጣው አቧራ ብቻ ነበር።

ማንጠግቦሽ አየችው። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?»

«ምንም። ነገ ታያለሽ።»

በነጋታው በማለዳ ወረደ። ፀሐይ ሳትወጣ ጭቃው ላይ ተንከባለለ፤ ጭቃ ውሃ ይይዛል ብሎ ነው። እርጥብ እንደሆነ ደረሰ። ደስ አለው። ማንጠግቦሽ ቀርባ አሸተተችው።

«ይህ የጭቃ ሽታ ነው» አለች፣ እንዳይከፋው በቀስታ። «እኔ ያልኩት... የጋለ አቧራ ሲጠጣ ነው። አሁን ደግሞ ደጁ ቀዝቃዛ ነው።»

ዘለቀ ገባው። አቧራው መጋል አለበት። አቧራው የሚግለው በቀትር ነው። በቀትር ደግሞ ውሃው መንገድ ላይ ያልቃል።

ያን ዕለት ጭቃውን ሊያጥብ ወደ ምንጩ ቢመለስ፣ ከሾላው ላይ የለሰለሰ ድምፅ ሰማ።

«እንደምን ዋልክ፣ ዘለቀ?»

ቀና አለ። ነብር ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሟል፤ አንድ እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ዘለቀ ሊሮጥ ተሰናዳ።

«አትደንግጥ፤ የጠገብኩ ነኝ» አለ ነብር። «ሁለት ቀን ስትመላለስ አየሁህ። ለሚስትህ ነው አሉ። እንዴት ደስ ይላል! እኔ እንዲህ ያለ ባል አይቼ አላውቅም። ሚስትህ እንዴት ናት? ወፈረች?»

«ከስታለች፣ አያ ነብር።»

«ወይኔ። እንግዲያ ነገም ና። በቀትር ና። በቀትር እኔ እንቅልፋም ነኝ፣ ዓይኔ አይገለጥም። የፈለግከውን ነክረህ ሂድ» አለና አዛጋ። ሲያዛጋ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

ዘለቀ ቤቱ ደርሶ እንኳ ወደ ኋላው ይዞር ነበር። ማንጠግቦሽ እግሩን አየችው። ፊቱን አየችው።

«ሜዳ ወርደህ ነበር» አለችው።

«ትንሽ።»

«ስትነከር ማን ይጠብቅልህ ነበር?»

ዘለቀ ጎኑን መላስ ጀመረ።

«ማን ይጠብቅልህ ነበር፣ ዘለቀ?»

«ማንም።»

ማንጠግቦሽ ፊቷን አዞረች። «ተወው» አለች። «አምሮቴ ወጥቶልኛል። አሁን ምንም አላማረኝም። ነገ ቅጠል እበላለሁ።»

ዘለቀ አመናት? አላመናትም። እያወራች እንኳን አፍንጫዋ ወደ ጋለው አቧራ ዞሮ ነበርና። በነጋታው ቅጠል አመጣላት። አንዷን አላመጠች፣ መዋጥ አቃታት፣ እንዳያያት ከድንጋይ ሥር ደበቀቻት። ዘለቀ ግን አየ።  ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ እማማ ሽኮኮን «አደራ፤ ዛሬ ፀሐይዋን በሩጫ እቀድማታለሁ» ብሎ ቁልቁል ወረደ።

ማንጠግቦሽ ሲሄድ ሰማችው። ሸኮናው ድንጋይ ሲነካ ድምፁን ከሺህ ሸኮና ትለየዋለች።

«እማማ፣ ያስነሡኝ» አለች።

«ምን ሆነሽ ልጄ? በዚህ አቅምሽ?»

«አንዳችን ስንበላ ሌላችን እንጠብቃለን ተባብለናል። ያስነሡኝ።»

እማማ ሽኮኮ ትንሽ ናቸው፤ ግን በጀርባቸው ደገፏት። ተነሣች። ተንገዳገደች። እየተንገዳገደች የመደቡ ጫፍ ደረሰችና ቁልቁል አየች።

ዘለቀ ምንጩ ውስጥ ነው። አንገቱን ደፍቶ ይነከራል። ከሾላው ላይ አንድ ቢጫና ጥቁር ነገር ቀስ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ነብር በቀትር እንቅልፋም አልነበረም።

ማንጠግቦሽ አፏን ከፈተች። ልታፏጭ ብትል ድምፅ አልወጣም፤ ጉሮሮዋ ደርቋል። ደግማ ሞከረች። ቀጭን ነገር ወጣ፣ ከአፏ ርቆም አልሄደ። ነብር መሬት ነካ። አደፈጠ። ማንጠግቦሽ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ሲገላበጥ ተሰማት፤ ሁለት እስትንፋስ አንድ ላይ የሳበች መሰላት፤ ሦስተኛ አፏጨች።

ፉጨቱ ገደሉን ሰንጥቆ ወረደ! ማዶ ያሉት ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ ዘለው ተነሡ።

ለዘለቀ ፉጨት ከተሰማ ጥያቄ የለም። ነብር ሲወነጨፍ እሱ ከውሃው ወጥቶ ነበር፤ የነብር ጥፍር ያገኘው ጭራውን ብቻ ነው። ወደ ጠመዝማዛው መንገድ ሊዞር ሲል ነብር ቀድሞ ቆመበት።

«ወዴት ነው፣ ጥሩ ባል?» አለ ነብር። አሁን ድምፁ አልለሰለሰም።

አንድ የቀረ መንገድ ነበር። ሸርታቴ የሚሉት የገደሉ ፊት፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ግድግዳ የቆመ ድንጋይ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማያገኘው። ሰስ እንኳን ወጥቶበት አያውቅም።

«በሸርታቴ!» ብላ ጮኸች ማንጠግቦሽ ከላይ። «በሸርታቴ ና! እኔ አይልሃለሁ!»

ዘለቀ ዘሎ ያዘ። ሸኮናው ጣት በማታስገባ ስንጥቅ ገባ። አንዴ ተንሸራተተ፣ ያዘ። ሁለቴ ተንሸራተተ፣ ያዘ።

«በግራ! በግራህ ጉብታ አለች!» ትለዋለች ከላይ።

በግራው ጉብታ ነበረች። ረገጣት። ሦስተኛ ሲንሸራተት ሁለት የኋላ እግሮቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ቁልቁል አላየም። ያየው ከላይ የተንጠለጠለውን ፊቷን ነበር፤ የከሳውን፣ ዓይኑ የፈጠጠውን። ጎተተ፣ ወጣ። ነብር ከታች ሁለቴ ዘሎ ሁለቴ ወደቀ።

«እኔ ዛፍ እንጂ ግድግዳ አልወጣም» አለና እግሩን እየላሰ ቀረ።

ሸርታቴ አጭር ነው። ሸርታቴ ጥላ ነው። ዘለቀ የመደቡን ጫፍ ዘሎ ሲቆም ከሆዱ፣ ከአንገቱ፣ ከጆሮው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

ማንጠግቦሽ ልትቆጣው ነበር። «አንተ...» ብላ ጀመረች።

«ቆይ፣ ቆይ» አላት፣ ትንፋሽ እያጠረው። «እንዳይደርቅብኝ።»

ከዚያ አራት እግሩን አንፈራጦ ቆመና ሰውነቱን ሁሉ አራገፈ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ ውሃው በጋለው አቧራ ላይ። ከበጋው መጀመሪያ ጀምሮ ጠብታ ያላየው አቧራ አንዷን ጠጣ፣ ሌላዋን ጠጣ፣ ሁሉንም ጠጣና በረጅሙ ተነፈሰ።

«እፎይ!» አለ አቧራው።

ሽታው ተነሣ። ያ የሰኔ ሽታ! ማንጠግቦሽ በጉልበቷ ወረደች። አፍንጫዋን መሬት አስነክታ ዓይኗን ጨፈነች። አንዴ ሳበች። ሁለቴ ሳበች። ሦስተኛ ስትስብ ትከሻዋ ላላ፣ ጆሮዋ ወደቀ፣ የሳበችውን ሽታ ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገች ሆዷ ድረስ የላከችው ይመስል ነበር። ሆዷ ውስጥ ልጁ አንዴ ረገጠና ጸጥ አለ።

እማማ ሽኮኮ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ፤ የባልና ሚስት ነገር ነው ብለው።

ብዙ ቆይታ፣ «ዘለቀ» አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አቤት።»

«ራበኝ።»

ዘለቀ አለቀሰ። ወንድ ነኝ አላለም፣ አለቀሰ። ከዚያ የወይራ ቅጠል አመጣላት፣ በላች። የእንቆቆ ቅጠል አመጣላት፣ በላች። ያን አጋም እንኳን ከነእሾሁ ልትጨርሰው ደረሰች። እሷ ስትበላ እሱ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቀላት። 

«ና ውረድ» አለችው ስትጠግብ። «አሁን ያንተ ተራ ነው። እኔ አለሁ።»

እግሯ ሥር ተጋደመ፤ አንድ ቅጠል አፉ ውስጥ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው።

አምሮት አንድ ቀን ብቻ ይመስላችኋል? ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ «ዘለቀ፣ ያ ሽታ...» አለችው። ወረደ። ከሳምንት በኋላም አለችው። ወረደ። ግን ከዚያ ወዲያ ብቻውን አልወረደም፤ እሱ ሲነከር እሷ ከላይ ትጠብቃለች፣ ሲመለስም በሸርታቴ ይወጣል። ነብር ሰስ አመለጠው መባሉን መስማት ሰልችቶት አገር ለቀቀ። ዝንጀሮዎቹም ዝም አሉ። እንዲያውም አንድ ቀን አለቃቸው ወዲያ ወዲህ አይቶ ወደ ዘለቀ ተጠጋና፣ «እ... ሚስቴ አንድ ነገር አማረኝ ትላለች፤ ምንጩ በየት በኩል ነው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው። ዘለቀ አልሳቀበትም። መንገዱን አሳየው።

ሚያዝያ ላይ ማንጠግቦሽ በእማማ ሽኮኮ እጅ በሰላም ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ እግሯ ረጅም፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ጥንቸል የምታህል።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቋቁሮቹ ደመናዎች መጡ፤ ሰማዩ አጉረመረመ፤ እውነተኛው ዝናብ ቀይ ገደል ላይ ወረደ። ሦስቱም ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። ሽታው ከገደሉ ሥር እስከ አፋፉ ሞላ። ልጅቱ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አነጠሰች።

«እንዴት ነው ሽታው?» አለ ዘለቀ ሚስቱን።

ማንጠግቦሽ አሸተተች። አሰብ አደረገች።

«ደህና ነው» አለች። «ያንተው ይሻል ነበር።»

እኔም ከዚህ ተረት የተማርኩት ይህችን ነው፦ እርጉዝ ስትመኝ አይሳቅባትም፤ ሁለት ሆና ነው የምትለምነው።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ለጉሮሮዬ ውሃ አቀብሉኝ።